«አጸዳ» ስንት ሥራ ነው? ስለ ጥቁር ባሩድ ሽጉጥ አጠባበቅና ስለ አማርኛ ስያሜዎቹ

1. መነሻ

ስያሜ የማውጣት ሥራ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ለአዲስ ዕቃ አዲስ ቃል መፈለግ ነው። ይሁን እንጂ ተርጓሚን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ቃል የሌለው ነገር ሳይሆን፣ ቃል ያለው መስሎ በአንድ ቃል ሥር ሁለትና ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተሸሸጉበት ጉዳይ ነው። ቃል የጠፋ እንደ ሆነ ተርጓሚው ቆም ብሎ ይጠይቃል፤ ቃሉ በእጁ ያለ ከመሰለው ግን ሳይጠራጠር ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ችግር ከአንድ ጠባብ የሙያ መስክ በተወሰዱ ምሳሌዎች ማሳየትና ለውይይት የሚሆኑ ጥቂት ስያሜዎችን ማቅረብ ነው። መስኩም በጥቁር ባሩድ የሚሠሩ የቀድሞ ዓይነት ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች የሚጸዱበትና የሚጠበቁበት ሙያ ነው።

ጉዳዩ የተነሣው እንዲህ ነው። በትርጉም ሥራ የሚተዳደር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሜሪካ የሚኖር ዘመዱ የገዛውን ሽጉጥ የአጠቃቀም መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ እንዳይለት አመጣልኝ። ሽጉጡ በ1860 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮልት ሽጉጥ አምሳያ ሲሆን፣ የተሠራው በሰሜን ጣሊያን በብሬሺያ አጠገብ በምትገኘው በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ነው። በዚያ አካባቢ ያሉ ፋብሪካዎች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የዐሥራ ዘጠነኛውን መቶ ዓመት ሽጉጦች አምሳያ እየሠሩ ለዒላማ ተኳሾችና ለታሪክ ወዳዶች ያቀርባሉ።

በትርጉሙ ውስጥ ስለ ጽዳት የተነገረው ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቃሎ፣ «ከተኩስ በኋላ ሽጉጡን በዘይት ደኅና አድርገው ይወልውሉ» ይላል። የእንግሊዝኛው መመሪያ ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብን፣ ማለቅለቅን፣ ማድረቅንና በመጨረሻ ዘይት መቀባትን አንድ በአንድ ያዛል። ውሃው ወዴት እንደ ሄደ ብጠይቀው፣ «ዶክተር፣ ብረት በውሃ ይታጠብ ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል? ወታደር ቤት ሳለሁ ጠመንጃ በዘይት ስንወለውል እንጂ በውሃ ስናጥብ አላየሁም። ጸሐፊው የተሳሳተ መስሎኝ አስተካከልሁለት» አለኝ።

ይህ ተማሪዬ ሰነፍ ተርጓሚ አይደለም። ያሳሳቱት ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንደኛው «ባሩድ»፣ ሁለተኛው «ወለወለ»። ሁለቱም በአማርኛ የታወቁ፣ የማያጠራጥሩ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። ነገር ግን መመሪያው እንደ ተተረጐመው ቢሠራበት ኖሮ የሽጉጡ ቧንቧ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዝገት ይበላ ነበር።

2. «ባሩድ» እና ሁለቱ ባሩዶች

የጦር መሣሪያ ነክ ቃሎቻችን ከፊሎቹ በዓረብኛ በኩል የገቡ ናቸው። «መድፍ» እና «ባሩድ» ከዓረብኛ የመጡ ሲሆኑ፣ «ነፍጥ» ደግሞ በዓረብኛ በመጀመሪያ ተቀጣጣይ ዘይትን፣ በኋላ ባሩድንና በባሩድ የሚሠራ መሣሪያን ከሰየመው ቃል የተወረሰ ነው። «ጠመንጃ» የሚለውን የቃል አጥኚዎች ሽጉጥ ማለት ከሆነው የቱርክ ቃል ከ«ታባንጃ» ጋር ያያይዙታል። አማርኛ የሽጉጡን ስም ለረጅሙ መሣሪያ ከሰጠው በኋላ ለአጭሩ ከራሱ ግሥ ከ«ሸጎጠ» አንሥቶ «ሽጉጥ» የሚል ስም አውጥቶለታል። በዚህም ቋንቋው መሣሪያውን በሚሸከመው ሰው አካሄድ መሰየሙ ልብ ሊባል ይገባል።

ስለ «ባሩድ» አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ቃሉ በዓረብኛ በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ከድብልቁ ክፍሎች የአንዱ ስም ነበር፤ ይኸውም ዛሬ በኬሚስትሪ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባለው ጨው ነው። ኋላ ግን ወደ ድብልቁ በሙሉ ተሻገረ። እንግዲህ ይህ ቃል ከጥንትም ትርጉሙን ሲያሰፋ የኖረ ነው። የመጨረሻው መስፋፋት የሆነው ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 እ.ኤ.አ. ጢስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሩድ ሁሉ ጥቁር ስለ ነበረ «ጥቁር ባሩድ» ብሎ መለየት አላስፈለገም። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው፣ በአማርኛም «ስናድር» ተብሎ የቀረው ጠመንጃ የጥቁር ባሩድ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ግን ወታደር ቤት ያለፈ ሰው «ባሩድ» ሲል የሚያስበው ጢስ አልባውን ነው።

ሁለቱ በስም ይገናኙ እንጂ በባሕርይ ይራራቃሉ። ጥቁር ባሩድ በተለመደው መጠኑ ከመቶ 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። ሲነድድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ ሳይለወጥ በጢስና በጠጣር ዝቃጭ መልክ ይቀራል፤ ኖብልና ኤብል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1875 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንን በዝርዝር ለክተውታል። ጢስ አልባው ባሩድ በአንጻሩ ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሞላ ጐደል ተቃጥሎ ወደ ጋዝ ስለሚለወጥ የሚተወው ዝቃጭ እጅግ ጥቂት ነው። የሚፈጥረው ግፊትም ለጥቁር ባሩድ ሽጉጥ ከተወሰነው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በጥቁር ባሩድ ሽጉጥ ውስጥ ጢስ አልባ ባሩድ ቢጨመር መሣሪያው በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው። በአማርኛ መመሪያ ውስጥ «ባሩድ» ብቻውን መቆም የለበትም፤ በየቦታው «ጥቁር ባሩድ» ወይም «ጢስ አልባ ባሩድ» ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል። ተደጋገመ ተብሎ የሚቀነስ ቅጽል አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላ ተመሳሳይ ወጥመድ ልጠቁም። የእንግሊዝኛው «ግሬይን» በአንድ በኩል የእህል ፍሬ ወይም ቅንጣት፣ በሌላ በኩል 0.065 ግራም ገደማ የሚመዝን የክብደት መለኪያ ነው። ተማሪዬ «25 ቅንጣት ባሩድ» ብሎ ጽፏል። መመሪያው የሚለው ግን ቅንጣት እንዲቆጠር ሳይሆን 1.6 ግራም ያህል እንዲሰፈር ነው። መለኪያው በአማርኛ አቻ ስለሌለው «ግሬይን» ተብሎ እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል፤ «ቅንጣት» ለባሩዱ ፍሬ ስም ይቆይ።

3. ስለ ዕቃው ክፍሎች

አማርኛ የተኩስ መሣሪያን እንደሚበላ ፍጡር ያየዋል። ጠመንጃ አፍ አለው፤ «አፈሙዝ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ክፍሉ ይህንን ይመሰክራል። ጥይት ይጎርሳል፤ የሚያጎርሰውም ሰው ነው። አረር ይተፋል። በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥይት ብዛትም በዚሁ ምሳሌ ይነገራል፤ «አምስት ጎራሽ»፣ «ስድስት ጎራሽ» ይባላል። በሌሎች ቋንቋዎች ከመሽከርከሩ የተሰየመውን ሽጉጥ የእኛ ተናጋሪዎች ከጉርሻው ሰይመውታል። ይህ የተዘጋጀ የምሳሌ ሥርዐት ስለሆነ የጎደሉትን ስያሜዎች ከዚሁ መቅዳት ተገቢ ነው።

ልዩነቱ በታሪክ ትርጉምም ያስፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ስለ ሠዉበት መሣሪያ የሚናገር የውጭ ጽሑፍ የሚመልስ ሰው «ሽጉጥ» ቢል አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኩሰውንና ስድስት ጎራሹን አይለይም። ጽሑፉ በሚለይበት ቦታ አማርኛውም መለየት አለበት።

ከበሮና መጉረሻ። የስድስት ጎራሽ ዋናው ክፍል ባሩዱና አረሩ የሚገቡበት ተሽከርካሪ ብረት ነው። እንግሊዝኛው «ሲሊንደር» ይለዋል። ጣሊያንኛው «ታምቡሮ»፣ ጀርመንኛው «ትሮመል» ሲሉት ሁለቱም ከበሮ ማለት ነው፤ ፈረንሳይኛው «ባሪዬ» ደግሞ ትንሽ በርሜል ነው። በአማርኛ «ተሽከርካሪ» ብንለው ቃሉ አስቀድሞ ለመኪና ተሰጥቷል። «ሲሊንደር» ብንለውም አንባቢው የሚያስበው የጋዝ ዕቃ ወይም የሞተር ክፍል ነው። «ከበሮ» ግን አጭር ነው፤ ቅርጹንም ይናገራል። በከበሮው ውስጥ ያሉት ስድስቱ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው «መጉረሻ» ቢባሉ፣ «ከበሮው ስድስት መጉረሻ ስላለው ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው» ማለት እንችላለን። ስያሜዎቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ።

አረርና ጥይት። በዛሬ መሣሪያ ቀለሁ፣ ባሩዱና አረሩ አንድ ላይ ተገጥመው «ጥይት» ይባላሉ። በጥቁር ባሩድ ሽጉጥ ግን ቀለህ የለም። ባሩዱ ለብቻው ይፈስሳል፤ የእርሳሱ አረር በላዩ ይቀመጣል፤ በመጠቅጠቂያው ዘንግ ይጠቀጠቃል። ስለሆነም «ጥይቱን ያውጡ» የሚል ትእዛዝ ትርጉም የለውም፤ የሚወጣ ጥይት የለምና። ይህ ከጽዳት በፊት መነገር ያለበት የደኅንነት ጉዳይ ነው። «ጥይት የለውም» ብሎ መሣሪያውን የሚነካካ ሰው በመጉረሻዎቹ ውስጥ ባሩድና አረር መኖሩን ሊዘነጋ ይችላል።

መለኮሻ ቆብ፣ የቆብ መቀመጫና የእሳት በር። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መዶሻው ሲመታው የሚፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው፤ ይህንን «መለኮሻ ቆብ» ብለነዋል። ቆቡ የሚሰካባትን፣ በመካከሏ ቀጭን ቀዳዳ ያላትን ብረት ቋንቋዎች በየፊናቸው ሰይመዋታል። ለእንግሊዝኛ የጡት ጫፍ፣ ለፈረንሳይኛ የጢስ መውጫ ናት፤ ጣሊያንኛ «ሉሚኔሎ» ሲላት ትንሽ ብርሃን ያደርጋታል። ተማሪዬ «የጡት ጫፍ» ብሎ ነበር። ለአንባቢ ግራ የሚያጋባ ከመሆኑም በላይ የሚያስረዳው ነገር የለም። የሌላው ሕዝብ ምሳሌ የሌላው ሕዝብ ነው፤ የሚተረጐመው ሥራው ነው። ስለዚህ ብረቷን «የቆብ መቀመጫ»፣ በውስጧ ያለውን ቀዳዳ «የእሳት በር» ብለን ብንለያቸው፣ «የእሳት በሩ እንዳይደፈን» የሚለው የጥንቃቄ ቃል ያለ ማብራሪያ ይገባል።

ቃታ፣ ምላጭና መዶሻ። በንግግር «ቃታ ሳበ» እና «ምላጭ ሳበ» አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ይሰማል። በወሬ ጉዳት የለውም። በዚህ ሽጉጥ ግን በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚሳበው ሌላ፣ በሌባ ጣት የሚሳበው ሌላ ነው፤ የአንዱ መሳብ ያዘጋጃል፣ የሌላው መሳብ ይተኩሳል። ስለዚህ በመመሪያ ውስጥ የሚመታው «መዶሻ»፣ በጣት የሚሳበው «ምላጭ» ይባል፤ «ቃታ» ግን በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ባይገባ ይመረጣል። ከበሮው በእጅ እንዲዞር መዶሻው የሚያዝበትንም ሁኔታ አዲስ ስም ከመፍጠር «መዶሻውን እስከ ግማሽ ወደ ኋላ ስቦ ማቆም» ብሎ በግልጽ መጻፍ በቂ ነው።

ለቀሩት ክፍሎች የእጅ ባለሙያው ቃል አለ። በኮልት ዓይነት ቧንቧውን ከአካሉ ጋር የሚያይዘው «ሽብልቅ» ነው። «ብሎን»፣ «መፍቻ»፣ «ካቻቢቴ» በየጋራዡ የሚነገሩ ናቸው። ከውጭ መጡ ብሎ እነዚህን በግእዝ ለመተካት መድከም አያስፈልግም።

4. ስለ ጽዳት ግሦች

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። «አጸዳ» የውጤት ግሥ ነው፤ ነገሩ ንጹሕ መሆኑን ይናገራል እንጂ በምን እንደ ጸዳ አይናገርም። ሥራውን የሚናገሩት ሌሎች ግሦች ናቸው፤ እነርሱም በአማርኛ ሞልተዋል።

«ጠረገ» ደረቅ ቆሻሻን ማንሣት ነው። «ወለወለ» በጨርቅ እያሹ ማጥራት ነው፤ ወለል፣ መስተዋትና ጠመንጃ ይወለወላሉ። «አጠበ» ያለ ውሃ አይሆንም። «ፈተገ» የተጣበቀን በሻካራ ነገር ማስለቀቅ ነው። «አለቀለቀ» የታጠበን ዕቃ በንጹሕ ውሃ ከሳሙናና ከእድፍ ማጥራት ነው። ከዚያ «አደረቀ» እና «ቀባ» ይከተላሉ። ማንኛዋም የቤት እመቤት ድስት ስታጥብ እነዚህን ሁሉ በተራቸው ትፈጽማለች፤ አንዱን በሌላው አትተካም።

በጢስ አልባ ባሩድ ለሚተኩስ ጠመንጃ «ወለወለ» የሚበቃው ዝቃጩ ጥቂት በመሆኑና ዘይት በተነከረ ጨርቅ የሚነሣ በመሆኑ ነው። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ ግን ሌላ ነው። ተማሪዬ «ጥቀርሻ» ብሎታል። ጥቀርሻ ጢስ በጣራና በድስት ቂጥ ላይ የሚያስቀምጠው ከሰልነት ያለው ነገር ነው፤ በውሃ አይሟሟም። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ ደግሞ አብዛኛው የፖታሲየም ጨው ነው፤ በውስጡም ፖታሲየም ካርቦኔት፣ ፖታሲየም ሰልፌትና ፖታሲየም ሰልፋይድ ይገኛሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያው በእንጨት አመድ ውስጥ የሚገኘው፣ እናቶቻችን ዕቃ በአመድ ሲፈትጉ እድፉን የሚያስለቅቅላቸው ጨው ነው። ከአየር ርጥበት ይስባል፤ በውሃ ቶሎ ይሟሟል። ስለዚህ «የባሩድ አመድ» ብንለው ቃሉ ራሱ የጽዳቱን ዘዴ ይጠቁማል። ጥቀርሻ ይፋቃል፤ አመድ ይታጠባል።

እንግዲህ የተማሪዬ ትርጉም ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። አመዱ ሳይታጠብ ዘይት ቢቀባበት ጨው በዘይት ስለማይሟሟ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ከአየር በሳበው ርጥበት ከዘይቱ ሥር ብረቱን ያዝገዋል። በክረምት ወራት ይህ በአንድ ሌሊት ሊጀምር ይችላል። ከነዳጅ የተገኘ ዘይት ከሆነ ደግሞ ከአመዱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ነገር እንደሚሆን የሙያው ሰዎች ይናገራሉ። የቀድሞዎቹ መለኮሻ ቆቦች ፖታሲየም ክሎሬት ነበረባቸው፤ ሲፈነዱ የሚተዉት ፖታሲየም ክሎራይድ ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ብረት የሚበላ፣ እርሱም የሚለቀው በውሃ ነው። በዚህ ሥራ ውሃ የብረቱ ጠላት ሳይሆን የጠላቱ ጠላት ነው። ጠላት የሚሆነው ሳይደርቅ የቀረ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

5. «አሟሸ» የሚለው ቃል ይገባልን?

የእንግሊዝኛው መመሪያ በአንድ ቦታ፣ ተኳሾች ቧንቧውን በተፈጥሮ ቅባት ደጋግሞ በማሸት እንደ ብረት ምጣድ ያለማምዱታል የሚል ሐሳብ ይጠቅሳል። ተማሪዬ እዚህ ላይ «ቧንቧውን ማሟሸት» ብሎ በመጻፉ እጅግ ደስ ብሎት ነበር። በእርግጥም ቃሉ ውብ ነው፤ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘርና በእሳት የሚሟሽበት ሥራ ከእንግሊዝኛው ሐሳብ ጋር ይገጥማል።

ይሁን እንጂ ቃል ከነዕውቀቱ ይመጣል። ምጣድ የሚሟሸው ሸክላ ቀዳዳ ስላለውና ቅባት ስለሚመጥ ነው። አንዴ ከተሟሸ በኋላም በሳሙና አይታጠብም፤ በማሰሻ ይታሰሳል እንጂ። የዛሬ ሽጉጥ ቧንቧ ግን ቅባት የማይመጥ ጠጣር ብረት ነው፤ «ተሟሽቷል» ተብሎ ከመታጠብ የሚድንበት ምክንያት የለም። አማርኛ አንባቢ «ተሟሸ» የሚለውን ሲያነብ ግን ከቃሉ ጋር «እንግዲህ አይታጠብም» የሚለውን ልማድ አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ «አሟሸ» ትክክለኛ አቻ ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ትምህርት ያስተላልፋል። ሐሳቡ በመመሪያው ስለተጠቀሰ መተርጐሙ ግድ ከሆነ፣ «አንዳንድ ተኳሾች ቧንቧ እንደ ምጣድ ይሟሻል ይላሉ፤ ይህ ከማጠብ አያድንም» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል።

በምትኩ ከዚያው ከምጣዱ ዘንድ ሌላ ቃል እንውሰድ። «ማሰሻ» በስሱ ቅባት የሚያስነካ ጨርቅ ነው። በቧንቧው ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የሚያልፈው ዘይት የነካው ቁራጭ ጨርቅ «ማሰሻ» ቢባል መጠኑም ጭምር ይነገራል፤ ዘይቱ ይታሰሳል እንጂ አይፈስስም።

6. ተስተካክሎ የቀረበ ትርጉም

ከላይ በተመለከቱት ስያሜዎች መሠረት የጽዳቱ ክፍል እንዲህ ተስተካክሏል።

ሀ. መለኮሻ ቆቦቹን ሁሉ ያንሡ። በመጉረሻዎቹ ውስጥ ጥቁር ባሩድና አረር አለመኖሩን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። የጐረሰ ሽጉጥ አይፈታም፣ አይታጠብም።

ለ. መዶሻውን እስከ ግማሽ ወደ ኋላ ስበው ያቁሙ። ሽብልቁን ገፍተው ቧንቧውንና ከበሮውን ከአካሉ ይለዩ። የቆብ መቀመጫዎቹን በመፍቻ ይፍቱ። የእንጨት እጀታው ውሃ እንዳይነካው አስቀድሞ ይውጣ።

ሐ. ቧንቧውን፣ ከበሮውንና የቆብ መቀመጫዎቹን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። የቧንቧውን ጠምዛዛ ቦዮችና መጉረሻዎቹን በብሩሽ ይፈትጉ። የእሳት በሮቹ መከፈታቸውን ወደ ብርሃን አቅንተው ይመልከቱ።

መ. በንጹሕ ሙቅ ውሃ ያለቅልቁ። የሞቀ ብረት ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን የፈላ ውሃ ወዲያው ስስ ዝገት ሊያስነሣ ስለሚችል ማድረቁ አይዘግይ።

ሠ. ጨርቁ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በደረቅ ቁራጭ ጨርቅ ያድርቁ። ርጥበት ከዘይት ሥር እንዳይቀር ይጠንቀቁ።

ረ. በማሰሻ ውስጡንና ውጭውን ያስሱ። የቆብ መቀመጫዎቹን ጥርስ ቅባት አስነክተው ይመልሱ፤ አለበለዚያ በዝገት ተይዘው አይፈቱም።

ሰ. በማግሥቱ ደረቅ ጨርቅ በቧንቧው ያሳልፉ። ጨርቁ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሥራውን ከ«ሐ» ጀምረው ይድገሙት።

ሸ. ዳግመኛ ከማጉረስዎ በፊት መጉረሻዎቹንና የእሳት በሮቹን ከዘይት በጨርቅ ያጥሩ። ዘይት የነካው ጥቁር ባሩድ በሚገባ አይቀጣጠልም።

ተማሪዬ ይህንን ካነበበ በኋላ፣ «ይህማ የእናቴ ማድ ቤት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከስምንቱ ትእዛዞች ውስጥ ለጽዳቱ ግሦች አንድም የተፈጠረ ቃል የለም። አዲስ የሆኑት የአራት አምስት ክፍሎች ስሞች ብቻ ናቸው።

7. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ጥቁር ባሩድ፦ ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ የሚዘጋጅ ባሩድ።
ጢስ አልባ ባሩድ፦ ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራ ባሩድ፤ በጥቁር ባሩድ መሣሪያ የማይገባ።
የባሩድ አመድ፦ ጥቁር ባሩድ ከነደደ በኋላ የሚቀር፣ በአብዛኛው በውሃ የሚሟሟ ዝቃጭ።
ስድስት ጎራሽ፦ ስድስት መጉረሻ ያለው ተሽከርካሪ ከበሮ የተገጠመለት ሽጉጥ።
ከበሮ፦ መጉረሻዎቹን የያዘው ተሽከርካሪ ክፍል።
መጉረሻ፦ ባሩዱና አረሩ የሚገቡበት የከበሮው ጉድጓድ።
መጠቅጠቂያ፦ አረሩን ወደ መጉረሻው የሚገፋ ዘንግ።
መለኮሻ ቆብ፦ ሲመታ ፈንድቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥል የመዳብ ቆብ።
የቆብ መቀመጫ፦ መለኮሻ ቆቡ የሚሰካበት ብረት።
የእሳት በር፦ እሳቱ ከቆቡ ወደ መጉረሻው የሚያልፍበት ቀዳዳ።
ማሰሻ፦ ዘይት በስሱ የሚያስነካ ቁራጭ ጨርቅ።

8. ማጠቃለያ

ስያሜ ስንፈልግ የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ አማርኛን፣ ቀጥሎ ግእዝንና ሌሎች የአገራችንን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻ የውጭ ቃልን መመልከት ነው። ከዚህ ምሳሌ የምንማረው ከቅደም ተከተሉ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ መኖሩን ነው፤ ይኸውም «ይህ ነገር እንዴት ይሠራል?» የሚለው ነው። ተርጓሚው የባሩዱን አመድ ባሕርይ ቢያውቅ ኖሮ ውሃውን ከመመሪያው አያወጣም ነበር። ዕቃውን ሳይረዱ ቃሉን ብቻ ማስተካከል ስሕተቱን በጥሩ አማርኛ መጻፍ ይሆናል።

ሁለተኛውና ለተርጓሚዎች በተለይ የማሳስበው ነጥብ፣ ምንጩ የማይመስል ነገር ሲናገር ምንጩን ከማረም በፊት ባለሙያ መጠየቅ እንደሚገባ ነው። በዚህ ጉዳይ የማይመስለው ነገር እውነት፣ የሚመስለው ነገር ሐሰት ነበር። ተማሪዬ መመሪያውን ለዘመዱ ከመላኩ በፊት ለማሳየት መምጣቱ የሚያስመሰግነው ነው።

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች የመጨረሻ አይደሉም። በተለይ «ቃታ» በየአካባቢው ለየትኛው የመሣሪያ ክፍል እንደሚነገር፣ እንዲሁም የቆብ መቀመጫን የሚመለከት የቆየ የአገር ቤት ቃል ካለ፣ የሚያውቁ አንባቢያን አስተያየታቸውን በጽሑፍ ቢልኩልን በሚቀጥለው ዝግጅት እናካትተዋለን።